ለሁለት ሰው ዐሥራ አራት ክፍል

ሙሉ ስሙ ሀብተሚካኤል ዳና ነው፤ ዕድሜው አርባ አራት። አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ለጫኖ ቀበሌ ሙዝ አምራቾች ማኅበር የስልክ መተግበሪያ ይሠራል። ባልደረባው ሻሺቱ ብቻ ናት፤ እርሷንም ነገር ቶሎ አይገባትም ብሎ ያምናል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሥራውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ መተግበሪያው ስልክ ላይ ካልተከፈተ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሁለቱ ግን ኮዱን ሰብስቦ መተግበሪያ በሚያደርገው መሣሪያ ላይ ይከራከራሉ።

ሻሺቱ፦ እኔ እኮ አልገባኝም፣ ጋሼ ሀብቴ። ይህ መሣሪያ ለስንት ሰው ነው የተሠራው?

ሀብተሚካኤል፦ (መነጽሩን እያስተካከለ) ለሁለት ሺህ መሐንዲስ!

ሻሺቱ፦ እኛስ ስንት ነን?

ሀብተሚካኤል፦ መቁጠርም ላስተምርሽ? ሁለት!

ሻሺቱ፦ የቀሩት መቼ ይመጣሉ? ያለን ወንበር ሦስት ነው ብዬ ነው።

ሀብተሚካኤል፦ አይ ሻሺቱ! ለልጅ ጫማ የሚገዛ ሰው አስፍቶ ነው የሚገዛው።

ሻሺቱ፦ አዎን፤ ግን በዚያው ቀን ሩጫ አያወዳድረውም።

ሀብተሚካኤል፦ (እንዳልሰማ) መተግበሪያውን ዐሥራ አራት ቦታ ከፍዬዋለሁ። እያንዳንዱ ክፍል የሚፈልገውን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ሁሉም ካልተሟላ ምንም አይንቀሳቀስም።

ሻሺቱ፦ ገባኝ! እንደ ጋሞ አባቶች ሸንጎ፣ እንደ ዱቡሻ! ሁሉም ተናግሮ ካልተስማማ ማንም አይነሣም።

ሀብተሚካኤል፦ ጎሽ! ዛሬስ ገባሽ!

ሻሺቱ፦ ታዲያ ባልና ሚስት ምሳ ምን እንብላ ለመባባል ዱቡሻ ይወጣሉ?

ሀብተሚካኤል፦ አትቀልጂ! ለየክፍሉ አንድ ቡድን ተመድቦለታል። ሰባቱ ቡድን አንቺ ነሽ፤ ሰባቱ እኔ።

(ላፕቶፑ ጮኸ፤ ቀይ ጽሑፍ ገጹን ሞላው።)

ሀብተሚካኤል፦ ዘጠነኛው ክፍል ስድስተኛውን አጣሁት ይላል። ስድስተኛው የማን ነበር?

ሻሺቱ፦ የእርስዎ።

ሀብተሚካኤል፦ ዘጠነኛውስ?

ሻሺቱ፦ እሱም የእርስዎ። እርስዎና እርስዎ አልተነጋገራችሁም ማለት ነው።

(በሩ ተንኳኳ።)

ሀብተሚካኤል፦ (ላፕቶፑን ዘግቶ ላቡን እየጠረገ) አለቀልን! ሥራው ሊሄድ ነው!

ሻሺቱ፦ (ስልኳን እያቀበለችው) ይህን ያሳዩአቸው። ማክሰኞ ዕለት ያንኑ ኮዳችንን ያለ መሣሪያዎ በስምንት መስመር ትእዛዝ ሰብስቤ መተግበሪያ አደረግኩት፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሀብተሚካኤል፦ ስምንት መስመር! ለምን አልነገርሽኝም?

ሻሺቱ፦ ሳምንቱን ሙሉ ስንት ነን እያልኩ ስጠይቅዎ ምን መስሎዎት ነው?

(ሊቀ መንበሩ አቶ ነህምያ ገቡ። መተግበሪያውን ከፈቱ፤ ነካኩት፤ ፈገግ አሉ።)

ነህምያ፦ ግሩም ነው! ስንት ሆናችሁ ሠራችሁት?

ሻሺቱ፦ (ኮራ ብላ) ሁለት ብቻ!

ነህምያ፦ አሳዘናችሁኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ሃያ ስድስት ልጆች አሉን፤ ሰኞ እልክላችኋለሁ። የካምባ ወረዳ ሁለት ማኅበራትም ለየራሳቸው ሰብል ይፈልጉታል። ሥራውን የምንሰጣችሁ ይህን ከተቀበላችሁ ነው።

(የሻሺቱ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሀብተሚካኤል የዘጋውን ላፕቶፕ ቀስ ብሎ ከፈተ።)

ሀብተሚካኤል፦ (ድምፁን አለስልሶ) ስምንቱን መስመር ለሃያ ስምንታችን ልታካፍይን ነው?

ሻሺቱ ሦስቱን ወንበሮች ቆጠረች። እውነቱን ለመናገር መልሱን ሀብተሚካኤልም አያውቀውም። አንባቢ ሆይ፣ ሰኞ ጠዋት ሃያ ስድስቱ ደረጃውን ሲወጡ፣ እርስዎ ቢሆኑ የሁለት ሰውን መሣሪያ ይዘው ይጠብቋቸዋል ወይስ የሁለት ሺህ ሰውን?