የአሸዋ ክፍል የዓርብ ሪፖርት

ከተማይቱ በአንድ ጎኗ ባሕር፣ በሌላው ጎኗ አሸዋ ናት። ባሕሩ ይሉኝታ ያውቃል፤ መጥቶ መጥቶ ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። አሸዋው ግን ይሉኝታ የለውም። ከበረሃው ነፋስ ጋር ድምፁን አጥፍቶ ይነሣና በበር ሥር ይገባል፣ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል፣ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ከተቀመጠ የክት ልብስ እጥፋት መሀል ሳይቀር ይገኛል። የድሃ ቤት የሀብታም ቤት አይልም፤ ሕፃን ከሽማግሌ አይለይም። የከተማው ሰው ሁሉ እንደሚመጣ ያውቃል፤ በጨዋታ መሀል ግን ስሙን የሚያነሣ የለም። እኔ እንግዲህ የማወራው ስለ አሸዋ ነው። ሌላ ነገር የመሰለው ካለ ጣጣው የራሱ ነው።

የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት ስድስት ክፍሎች ነበሩት። የውሃው፣ የመብራቱ፣ የመንገዱ፣ የጤናውና የገበያው ኃላፊዎች ጠረጴዛም ማኅተምም ነበራቸው። ስድስተኛው የአሸዋ ክፍል ነው፤ ያለውም አሥራ አንድ ሴት፣ አሥራ አንድ አካፋና አራት ባሬላ ብቻ። ኃላፊዋ እትዬ ደብሪቱ የወደብ ሠራተኛ ባሏን ተከትላ ከወሎ የወረደች፣ ባሏ ሲሞትባት እዚያው የቀረች፣ ስድሳ ዓመት የዘለላት ቀጭን ሴት ናት። በየማለዳው ሴቶቿን አስከትላ ከገበያው እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን ዋና መንገድ ትጠርጋለች። ያፈሱትን በባሬላ ተሸክመው ባሕሩ ዳር ይደፉታል። በነጋታው ሲመጡ የደፉትን ያህል መንገዱ ላይ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል፤ እነሱም እንደ ጎረቤት ሰላም ብለውት አካፋቸውን ያነሣሉ።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኃላፊዎቹ አዳራሽ ተሰብስበው የሳምንቱን ሥራ ይናገራሉ። የአሸዋ ክፍል ተራው መጨረሻ ነው። እትዬ ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣና ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለው፤ ጠርገናል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ብላ ትቀመጣለች። አዳራሹ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። አሮጌው ከንቲባ እግዜር ያበርታችሁ ይሏትና ስብሰባው በዚሁ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ የሚጽፈው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ቸርነት ነበር። አቶ ቸርነት ሆደ ቡቡ ነው። ሰው ሲቆጡ ካየ ራሱ የተቆጡት ያህል ያልበዋል። በየማለዳው ቢሮ የሚገባው በዚያ በተጠረገ መንገድ ላይ ተራምዶ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጫማው ውስጥ አሸዋ ገብቶበት አያውቅም። ለምን እንዳልገባ አስቦም አያውቅ። ደግሞስ ሰው በደህና ያለፈበትን መንገድ ማን እንደጠረገለት መቼ ይጠይቃል? የሚጠይቀው ሲደናቀፍ ነው።

አሮጌው ከንቲባ ጡረታ ወጡና ከንቲባ ጌታሁን መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ግን የተጀመረ ነገር አልቆ ካላዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ሥራ ማለት ያለቀ ነገር ነው ይላሉ፤ ያላለቀው ወሬ ነው። በገቡ በወሩ አዲስ ቅጽ አሳተሙ። ቅጹ ላይ ከየክፍሉ ስም ፊት ለፊት ሁለት ሣጥን አለ። አንዱ «ተጠናቋል» ይላል፣ ሌላው «አልተጠናቀቀም»። ሦስተኛ ሣጥን የለም።

ቧንቧው ተጠገነ፤ ተጠናቋል። አምፖሉ ተቀየረ፤ ተጠናቋል። የእትዬ ደብሪቱ ተራ ሲደርስ ግን ጠርገናል፣ ደግሞ ይመጣል አለች፤ አቶ ቸርነትም ከየትኛው ሣጥን እንደሚከተው ጨንቆት ጨንቆት «አልተጠናቀቀም» ላይ ምልክት አደረገ። በሁለተኛው ዓርብም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዓርብ ከንቲባው ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ አራት ሳምንት በተከታታይ ሥራውን ያላጠናቀቀ ክፍል ኃላፊው ይነሣል ሲሉ አስታወቁ። ማንን እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። የዚያን ዕለት የሳቀ ሰው አልነበረም።

አቶ ቸርነት ያን ሳምንት ምግብ አልበላለት አለ። የስድሳ ዓመት ሴት ሰው ፊት ቆማ ስትዋረድ ሊያይ ነው፤ ከዚያም የስንብት ደብዳቤዋን የሚጽፈው እሱ ነው። በአራተኛው ዓርብ እትዬ ደብሪቱ ተነሥታ ያንኑ ቃሏን ስትናገር እጁ ሳያማክረው «ተጠናቋል» ላይ ምልክት አደረገ። ደግ የሠራ መስሎት ነበር። ልቡም ቅልል አለው።

ከንቲባው ቅጹን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ተነሥተው አጨበጨቡ። ከተማይቱ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሥራውን ከነጭራሹ የጨረሰ ክፍል ይህ የመጀመሪያው ነው አሉ። ሰኞ ጠዋት አቶ ቸርነትን አስጠርተው አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ አዘዙት። የአሸዋ ክፍል የተቋቋመበትን ሥራ ስላጠናቀቀ ከልብ ምስጋና ጋር ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል ይላል። ለአሥራ አንዱም ሴቶች ባለ ማኅተም የምስጋና ወረቀት ተጻፈላቸው። አቶ ቸርነት የጽሕፈት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የአሥራ አንድ ሴት እንጀራ በገዛ ጣቱ ቆረጠ፤ እውነቱን ግን ለማንም አልተናገረም።

እትዬ ደብሪቱ ወረቀቷን ይዛ ቢሮው መጣች። ማንበብ አትችልም። እንዲያነብላት ለመነችው፤ አነበበላት። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«ጨረሳችሁ ነው የሚለው?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«መጨረሳችንን ማን ነገራቸው ይሆን?»

አቶ ቸርነት መሬት መሬት አየ። እሷም ላነበቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ያ ምስጋና ከስድብ ይልቅ አጥንቱ ድረስ ተሰማው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ አሸዋም የዚያው የቅርብ ዘመድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ምንም አላለም። ሕፃናት እንዲያውም ደስ ብሏቸው ተንከባለሉበት። በሁለተኛው ሳምንት የሱቅ በሮች ወደ ውጭ አልከፈት አሉ፤ የቆሻሻ ጋሪው በግማሽ መንገድ ቀረ፤ የመብራት ክፍል ሰዎች መሰላላቸውን የሚያቆሙበት ጠንካራ መሬት አጡ። አቶ ቸርነት ቢሮ በገባ ቁጥር ጫማውን አውልቆ ያራግፋል። በየማለዳው ከጫማው የሚያራግፈውን እያየ ሰባት ዓመት ሲሰላለት ልቡ ይቆስል ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ደግሞ የውሃው ቦቴ መጣ። ከተማይቱ የምትጠጣው ከዳር ካሉት ጉድጓዶች በቦቴ የሚመጣላትን ነው። ቦቴው ገበያው መግቢያ ላይ ሲደርስ ጎማው ሰመጠ። ሹፌሩ ጋዝ በሰጠ ቁጥር ይበልጥ ገባ። ጀሪካን የደረደረው ሕዝብ ዞር ብሎ ባሕሩን አየ፤ ባሕሩ ደግሞ አይጠጣ ነገር።

ረቡዕ ማለዳ አቶ ቸርነት ወደ ቢሮ ሲሄድ ቦቴው ጋ አሥራ አንዱን ሴቶች አገኛቸው። የማዘጋጃ ቤቱን አካፋ አስረክበዋል፤ የያዙት የቤታቸውን ሣህንና ቆርቆሮ ነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ከማንም የሚጠብቁት ነገር አልነበረም። ሹፌሩ ለምን ትደክማላችሁ ቢላቸው፣ እትዬ ደብሪቱ ቦቴው የከንቲባው ይሁን እንጂ ጥማቱ የሁላችን ነው ብላ መለሰችለት። አቶ ቸርነት ኮቱን አውልቆ የቦቴው መስተዋት ላይ ሰቀለ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ተንበርክኮ በእጁ ይዝቅ ጀመር። ጸሐፊ እጅ ነው፤ ወዲያው ተላጠ። ከእትዬ ደብሪቱ ጎን ለጎን አንድ ጎማ ሥር ሲዝቁ ድንገት እንባው መጣ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አላት። «መጨረሳችሁን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እጇን አላቋረጠችም። «አውቃለሁ፣ ልጄ። ክፉ ያሰበብኝ ሰው ቢሆን ኖሮ እውነቱን ነበር የሚጽፈው።»

አቶ ቸርነት እዚያው ከጎማው ሥር ሰባት ዓመት የዘገየውን ምስጋና ተናገረ። ጫማዬ ንጹሕ ሆኖ ቢሮ የገባሁባቸው ጠዋቶች ሁሉ ያንቺ ነበሩ አላት፤ እርስዎ ማለቱን ሳያውቀው ትቶታል፤ እሷም የእናትና የልጅ ወግ ነው ብላ ነው መሰል ደስ አላት። እኩለ ቀን ላይ ቦቴው ከጎድጓዳው ወጣ። ውሃው ሲቀዳ ሕዝቡ መጀመሪያ ያጠጣው እነሱን ነበር። መዲና የምትባለው ከሴቶቹ ትንሿ ጣሳውን ተቀብላ፣ ሥራውን ጨርሳችኋል ከሚለው ወረቀት ይህ ጣሳ ይሻለኛል አለች። እትዬ ደብሪቱ ወደ አቶ ቸርነት ጠጋ ብላ ለኔ የነገርከኝን ዓርብ ለከንቲባውም ንገራቸው አለችው። እሺ አለ። እሺ ሲል ግን የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ሰነድ በሐሰት የሞላ ጸሐፊ ከእንጀራው ይነሣል፣ ሲብስም ይታሰራል። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ በዚያች እንጀራ ነው የሚያድሩት።

ዓርብ ደረሰ። የውሃ ክፍል አልተጠናቀቀም፣ በአሸዋ ምክንያት። የመብራት ክፍል አልተጠናቀቀም፣ በአሸዋ ምክንያት። መንገዱም፣ ጤናውም፣ ገበያውም ያንኑ ደገሙት። ከንቲባው ግንባራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሪፖርቱ ሲያበቃ አቶ ቸርነት ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣ። እትዬ ደብሪቱ «ተጠናቋል» በተባለበት በዚያ ዓርብም እንደ ወትሮዋ እውነቷን እንደተናገረች፣ ቅጹን የዋሸው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ አዝኖላት እንደጎዳት፣ ለቅጣቱም ዝግጁ እንደሆነ ሳያቆላምጥ ተናገረ። ሴቶቹ ረቡዕ የሠሩትንም ተናገረ። ሲቀመጥ ላቡ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ወርዷል።

ከንቲባው ቅጹን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ እትዬ ደብሪቱ እንድትጠራ አዘዙ፤ እሷም ሴቶቿም ከበሩ ውጭ ቆመው ኖሯል። ሲገቡ ከንቲባው ከወንበራቸው ተነሡ። ኃላፊዎቹም ቅር እያላቸው ተነሡ፤ የአሸዋ ክፍል ሲገባ ማዘጋጃ ቤቱ ቆሞ ሲቀበል ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው። ክፍሉ ከነገ ጀምሮ ይከፈታል፣ ያለ ሥራ የቆዩበትም ጊዜ እንደ ሥራ ይታሰብላቸዋል አሉ። ለአቶ ቸርነት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጠው፣ ደብዳቤውንም ራሱ ይጻፈው አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው ቅጣቱ። አቶ ቸርነት እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም፤ ተመስገን ተመስገን እያለ በሹክሹክታ ሲደጋግም አጠገቡ የተቀመጠው የገበያው ኃላፊ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

ከንቲባው ግን አንድ ነገር አልዋጥላቸው ብሏል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሹም ሳይሆን ነገር እንደጨነቀው ልጅ ጠየቋት።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ ሥራ የሚያልቀው መቼ ነው?»

እትዬ ደብሪቱ የአዳራሹን ሰው አንድ በአንድ አየችው፤ ሽማግሌውን የጤና ኃላፊ፣ ወጣቱን የመብራት ክፍል ሰው፣ አቶ ቸርነትን፣ በመጨረሻም ከንቲባውን። ፊቷ ላይ ሐዘን አልነበረም።

«አሸዋው ሥራውን የሚጨርሰው እኛን ሁላችንን አልብሶ ነው፣ ጌታዬ» አለች። «እስከዚያው ድረስ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ ለዚህም ሳምንት አደረስከን እያሉ አካፋ ማንሣት ነው።»