ከመቀመጫው ስር ያለው ዝገት

እናንተዬ፣ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚወድ ልጅ የወለደች እናት እንቅልፍ አላት? እኔስ ልጄ እንዳይስቅብኝ ተደብቄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰንበቱ ከመኪናው መቀመጫ ስር ጸበል አፈስስ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ጠባቂ አለ?

ዛሬ ጠዋት የመቀመጫው ብሎን ወለቀ። ልጄ ደብረ ታቦርን ዞሮ ልኩን ቢያጣ የወፍጮ ብሎን ይዞ መጣ። ምንጣፉን ሲገልጠው ወለሉ ዝጎ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ብሎኑን ምን ይያዘው?

«እማ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ገባ?»

«ዝናብ ነዋ!»

ብሎኑን እንዲያው ሰክቶ ዝገቱን ቀለም ቀባው። «በይ፣ እዚችው ገሳይ ከተማ ደርሼ ልምጣ፤ ጸልዪልኝ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እመብርሃን ትከተልህ» የሚል ነው። ይኸው መሽቶም፣ እስካሁን አልተመለሰም።