ሊቀ ገጻት ቢሆነኝ አርቲክል ሲያሳጥሩ

መመረቂያ ጽሑፉን ወደ ጆርናል አርቲክል «እያሳጠረ ያለ» ሰው የሌለበት የወረዳ ከተማ የለም። መብራት የሌለበት አለ፤ ውሃ የሌለበት አለ፤ እሱ የሌለበት ግን ተፈልጎ አይገኝም። መንገድ ላይ ስታገኙት «አርቲክሉ ከምን ደረሰ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁት። ይነግራችኋል።

ለስማዳ ወረዳ የደረሱት በከተማዋ በወገዳ የአማርኛ መምህሩ ቢሆነኝ ናቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ሊቀ ገጻት» የሚል ማዕረግ አውጥተውላቸዋል፤ እኛም ማዕረጋቸውን አንነፍጋቸውም። ባለቤታቸው የትናየት ግን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ነርስ ናትና ለማዕረግ ጊዜ የላትም። በደህና ቀን «ቢሆነኝ» ትላቸዋለች፤ ሲብስባት «አንተ ሰውዬ»።

ሲብስባት ደግሞ እውነት አላት። ከተጋቡ ጀምሮ እሷ እስቴ፣ እሳቸው ስማዳ ናቸው። የሚገናኙት መንገዱ ሲፈቅድ ነው፤ ክረምት ከገባ ደግሞ መንገዱ አይፈቅድም። ዘንድሮ ግን መካነ ኢየሱስ የተከፈተ አንድ የግል ኮሌጅ፣ አንድ የታተመ አርቲክል ካመጡ ሊቀጥራቸው ቃል ገባ። ጆርናሉም ጽሑፉን ወዶታል፤ ሃያ ገጽ ይሁንልኝ ብቻ ነው ያለው። ሁለት መቶ ገጽ ሃያ ከሆነ ባልና ሚስት አንድ ቤት ይገባሉ። የትናየት የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር መርጣለች።

የጥናቱ ርዕስ በታች ጋይንት አውድማ ላይ ነውር የሆኑ ነገሮች ነው። አውድማ ላይ አይፎጨም፤ እህል አይቆጠርም፤ ከሁሉም በላይ «አለቀ» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም፣ በረከት ይሸሻላ። ሊቀ ገጻት ይህን ካጠኑ ወዲህ እሳቸውም «አለቀ» ብለው አያውቁም።

መጀመሪያ ያሳጠሩት ፊደሉን አሳንሰው፣ ኅዳጉን አጥብበው፣ መስመሩን ከመስመር አጠጋግተው ነበር። «በግማሽ ወረደ!» ብለው በስልክ አበሰሯት። የጆርናሉ አዘጋጅ ፊደሉን ወደ ልኩ ሲመልሰው ገጹም ወደ ልኩ ተመለሰ።

ቀጥሎ ገምጋሚው «ይህ ሐሳብ ቢብራራ» የሚል አስተያየት ላከ። ምስኪን፣ የሚያደርገውን አላወቀም። ሊቀ ገጻት በልጅነታቸው ከየኔታ ወልደ ገብርኤል ዘንድ የመጽሐፍ ትርጓሜ ጀማምረዋል። እዚያ ቤት የመምህር ቃል አይጣልም፤ አንዱ ፍቺ ከተነገረ በኋላ ሌላው «አንድም» ብሎ ይከተላል፣ ሁሉም ተከብረው ይኖራሉ። እናም ለእያንዳንዷ አስተያየት አንድም፣ አንድም፣ አንድም እያሉ መልስ ጻፉ። ጽሑፉ ሲሄድ ከነበረው ገዝፎ ተመለሰ። ገምጋሚው በሚቀጥለው አስተያየቱ «እባክዎን» የሚል ቃል ጨመረ።

«አየሽ፣ ማክበር ጀመረ» አሉ ሊቀ ገጻት።

የማስረከቢያው ሰኞ ሲቀርብ የትናየት ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ሊጠይቋት የመጡትን ባሏን ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምስጋና።»

«አምስት ገጽ ምስጋና?»

«የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ሻንጣዬን አውርዶልኛል፣ የትናየት።»

«ይውጣ! ይሄስ? ይሄ ሁሉ የገበሬ ቃል?»

«እሱማ አይነካም። ሰዎቹ ሥራቸውን ፈተው ነው የነገሩኝ። የሰው ቃል ሳላስፈቅድ እንዴት አድርጌ አወጣለሁ?»

«እንግዲያ ሂድና አስፈቅዳቸዋ!» አለች በምሬት።

ሊቀ ገጻት ፊታቸው በራ። የትናየት ያኔውኑ ምላሷን ነከሰች፤ ግን ረፍዷል። ብቻቸውን ብትለቃቸው እዚያው እንደሚከርሙ ስለምታውቅ ፈቃድ ወስዳ ተከተለቻቸው። ሐሙስ ተነሥተው፣ መኪና እየቀያየሩ፣ አርብ ማለዳ የታች ጋይንቷ ከተማ አርብ ገበያ ገቡ።

አያ ክንዱ አህያቸውን አስረው ገብሳቸውን ኬሻ ላይ ዘርግተዋል። ለጥናቱ ከሁሉ ይልቅ ብዙ የተናገሩት እሳቸው ነበሩ።

«አያ ክንዱ» አሉ ሊቀ ገጻት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ቃልዎን ከጽሑፉ ላወጣው ነው። ይፍቀዱልኝ።»

«ኧረ! ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። ቦታ ጠቦ ነው።»

«ቦታ ጠቦ ነው?» አያ ክንዱ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ ያን ጊዜ የረሳሁት አለ። እሱንም ጻፈውና አንድ ላይ ታወጣዋለህ።»

ሊቀ ገጻት እስክሪብቶ አወጡ። ለጥናቱ ቃል ከሰጡት አንዷ፣ እማሆይ ካሣነሽም መጡ፤ አያ ክንዱ የተናገሩት ስህተት ነው ብለው እርማቱን አስመዘገቡ። አያ ክንዱ ለእርማቱ እርማት ሰጡ። ሊያሳጥሩ የመጡት ሰው ወረቀት አልቆባቸው ከሱቅ አስመጡ። የትናየት ከኬሻው ጫፍ ተቀምጣ ሰኞን፣ ክረምቱን፣ መጋረጃዋን አሰበች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይች ልጅ ምን ሆና ነው?» አሉ አያ ክንዱ።

«ባለቤቴ ናት።»

«ቆይ እስቲ። ይኸን ወረቀት የምታሳጥረው ለምንህ ነው?»

እዚህ ላይ ማዕረጉን እንተወው። ቢሆነኝ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «ካጠረ እሷ ያለችበት አገር ሥራ ይሰጡኛል። እሷ እስቴ፣ እኔ ስማዳ ነን። አንድ ቤት እንድንገባ ነው።»

አያ ክንዱ በዱላቸው መሬቱን መቱ። «ወይ ጉድ! ሰው ኸሚስቱ ተለይቶ የኔን ወሬ ተሸክሞ ይዞራል? ሰርዘው! ኸኔ ጀምር!»

«የኔንም» አሉ እማሆይ ካሣነሽ፣ «ኸሱ ግን የኔ ይሻል ነበር።»

ቢሆነኝ የእያንዳንዱን ሰው ቃል አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ እያነበበ ሰረዘ። በሰረዘ ቁጥር ባለቃሉ «ይቅር ለእግዜር» ይላል። ገበያተኛው ሸመታውን ትቶ ከበባቸው፤ በገበያው የሌሉትን ደግሞ ዘመድና ጎረቤት ወክሎ ይቅር አለላቸው። የትናየት እስካሁን ባሏ የሚሳሳው ለገዛ ጽሑፉ ይመስላት ነበር። አሁን በየሰዉ ቃል ድምፁ ሲሰበር ስትሰማ አንጀቷን በላት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማግባቷ ደስ አላት፤ ተናድዳ ስለነበር ግን አልነገረችውም።

ሰኞ ተላከ። ከወራት በኋላ ታተመ። እስካሁን ያነበቡት አዘጋጁ፣ ገምጋሚዎቹና የኮሌጁ ዲን ናቸው፤ ዲኑም ርዕሱን ብቻ። ቢሆነኝ ግን ክረምቱ ሳይገባ አልጋውን፣ ወንበሩንና አንዲት መስመር ያልጎደለበትን መመረቂያ ጽሑፍ ጭኖ መካነ ኢየሱስ ደረሰ።

ዕቃ ልታግዝ የመጣችው ጎረቤታቸው የሻረግ ጥራዙን ስታነሣው ከበዳት።

«የትናየት፣ ይሄ ሁሉ ስለ ምንድን ነው? እስቲ ባጭሩ ንገሪኝ።»

የትናየት መጋረጃውን አልጋው ላይ ጣል አደረገችና ለየሻረግ ወንበር ሳበችላት።

«ባጭሩማ አይሆንም» አለች። «ቁጭ በይ።»