ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ

በእኛ አገር ሰው «ራሴን አሞኛል» ቢል «ጋደም በል» ይባላል፤ «እግሬን» ቢል ወጌሻ ይፈለግለታል፤ «ጨጓራ አለብኝ» ቢል ግን ማንም አይደነግጥም። «አይ ወንድሜ፣ የሌለበት ማን አለ ብለህ!» ይባልና ጨዋታው ወደ ገብስ ዋጋ ይዞራል። ደባርቅ ላይ ጨጓራ የማያመው ሰው ልፈልግ ብትሉ የምታገኙት ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነው። መድኃኒቱን የማያውቅም የለም። አንዱ ተልባ፣ አንዱ አብሽ፣ ሌላው በባዶ ሆድ የሞቀ ወተት ያዝዛል። ከጃናሞራ ለገበያ የወጣ የማታውቁት ሰው እንኳ ሆዳችሁን ይዛችሁ ካያችሁ በቅሎውን አቁሞ ቅጠል ይነግራችኋል። እኔ ሁሉንም ሞክሬአለሁ። አንዳንዱን ሁለቴ።

ለነገሩ እኔ እንዲህ የምሆን ሰው አልነበርኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ዳባት ላይ ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታዬን ይዤ ደባርቅ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የጨጓራን ሥዕል በጠመኔ ስስል ዓይኔን ብጨፍንም አልሳሳትም። የራሴን ግን ለአንድ ሐኪም እንኳ አሳይቼ አላውቅም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለሴት ብቻ ነው ያላችሁ ማን ነው?

አሁን ውባለምን ላስተዋውቃችሁ። የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ዛሪማ ነበር ያገባችው፤ ልጅቷን ለትምህርት ብላ ወደ እኔ ላከቻትና ያቺ የቆላ ልጅ በዳባት ብርድ የእኔን ኮት ደርባ ተማረች። እህቴ «ጨጓራዬ ነው» ስትል፣ እኛም «የሌለበት ማን አለ» ስንላት፣ ሐኪም ዘንድ የደረሰች ቀን ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ረፍዶ ነበር። ውባለም ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ከለቅሶው በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ሆድ እንዴት አድርጎ ነው ራሱን የሚበላው?» አለችኝ። «የቤት ሥራ ይሁንሽ» አልኳት። መምህር ሲጨንቀው የማያውቀውን ሁሉ የቤት ሥራ ያደርገዋል፤ ይቺ ልጅ ግን የምሯን ይዛው ሄደች።

ይኸው ዛሬ ጎንደር ላይ ጀማሪ ተመራማሪ ሆናለች። የምታጠናውን ለባለቤቴ ለጥሩዬ ስታስረዳት ሰምቻለሁ። ማንም ሳያስተምራቸው ጠላትን የሚለዩ ዘበኞች በሰውነታችን ውስጥ አብረውን ይወለዳሉ አሉ። ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ይነሣሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያቃጥላሉ። ይህ ደግ ነው። ጠላቱ አልወጣም፣ ዘበኛውም አልበርድም ብሎ ቁጣው ዓመት ከዓመት ሲቆይ ግን የሚቆስለው ቤቱ ራሱ ነው። ቁስሉ ሲድን ሲያገረሽ፣ ሲድን ሲያገረሽ፣ ከሥጋው አንዱ መንገድ ይስታል፤ ካንሰርም የሚጀምረው እንዲያ ነው። «ያ ቁጣ ከጠባቂነት ወደ አጥፊነት የሚዞረው መቼ ላይ እንደሆነ ነው የምፈልገው» አለች። ጥሩዬ ነገሩ ወዲያው ገባት። «እንደኛ ውሻ በይኛ! ጅቡ ከሄደ በኋላ እየጮኸ በጎቹን የሚያስደነብር።» እኔ ለአርባ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያላስረዳሁትን!

ዘንድሮ ፋሲካ ላይ ውባለም ልትጠይቀን መጥታ ገና ሳትቀመጥ ዓይኗ ቀበቶዬ ላይ አረፈ። ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ምግብ መዝጋቱን፣ ማቃጠሉን፣ አንዳንዴም ማስመለሱን ጥሩዬ አንድ ባንድ ዘረገፈችው፤ ሚስት ምሥጢር አትጠብቅም፣ ደግ አደረገች። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ» አለችኝ ውባለም። በጉሮሮ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጨጓራዬ ሊታይ፣ እኔም በጥናቷ ልካተት ተስማማሁ። ወረፋው ረዥም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ቱቦውን አይደለም፤ የእህቴን መጨረሻ በዓይኔ አይቻለሁና የሚያየውን ነገር ነው የፈራሁት።

ቀጠሮው ሲደርስ ዋዜማውን ጎንደር እሷ ቤት አደርኩ። «ከማታ ጀምሮ ምንም አይቅመሱ» አለችኝ። ሳቅሁባት። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ደግሞ ትእዛዝ ነው? ጠዋት እሷ ቀድማኝ ሥራ ስትገባ ሻንጣዬን ከፈትኩ፤ ጥሩዬ የሚካኤልን ጠበል በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልታ ሸጉጣልኛለች። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አማተብኩና «አደራህን» ብዬ ጨለጥኩት። ጠበል ተጀምሮ አይተውም።

ሆስፒታል ስደርስ ውባለም ፎርሟን ይዛ ሠላሳ ጥያቄ ጠየቀችኝ። የመጨረሻው «ከማታ ጀምሮ የቀመሱት ነገር አለ?» የሚል ነበር።

«እህል ውሃ በአፌ አልዞረም። ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ሚካኤልም የሚቀየመኝ አይመስለኝም፤ አልዋሸሁማ! ጠበል ውሃ ነው እንዴ? ይህን የሚላችሁ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር በጠፋ ቁጥር የውሃን ቀመር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው።

ቱቦው ገባ። ሐኪሙ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈጥኖ አወጣው። «አባቴ፣ ጣናን ነው እንዴ የጠጡት?» አለኝ። «ጠበል» አልኩ በሰለለ ድምፅ። ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ጠበልን ማን ደፍሮ ይቆጣል? ምርመራው በሌላ ቀጠሮ ተባለ።

ውባለም ኮሪደሩ ላይ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እናቴም እኮ ‹ነገ እሄዳለሁ› እያለች ነው የረፈደባት» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያችን ልጅ ኮቴን ደርባ ትምህርት ቤት ስትሄድ እያየሁ «እናትሽን አሳክማታለሁ» ብያት ነበር፤ ረስታልኝ ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሁትም። ይቅር በይኝ አልኳት። ብዕሯን አወጣችና ከፎርሙ ግርጌ በእጅዋ አንድ መስመር ጨመረች። ሠላሳ አንደኛ፦ ጠበል ጠጥተዋል? «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለች፣ «በደንብ አልጠየቅሁም። ጎንደር ላይ ተቀምጬ!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ስሄድ፣ ውባለም ገና በቤቷ በር ላይ ሻንጣዬን ተቀብላ እንደ ኬላ ፈታሽ በረበረችው። ጋቢውን ገለጠች፤ ከሥሩ የጥሩዬ ሃይላንድ ሞልቶ ተኝቷል። መኖሩን አላውቅም ብዬ ማልሁ። ሃይላንዱን ይዛው ገባች። በማግስቱ ሠላሳ አንደኛውን ጥያቄ ስትጠይቀኝ «ዘርፈሽኝ ምን ልጠጣ?» አልኳት። ቱቦው ገባ፤ ሐኪሙ ከጨጓራዬ ቆንጥሮ ለላቦራቶሪ ላከ።

ውጤት የሚጠበቅበትን ሰሞን ለጠላትም አልመኝ። ጥሩዬ ስዕለት ትሳላለች፣ እኔ እንደተለመደው የሰው ልጅ ሁሉ ሟች ነው እያልኩ አስተምራታለሁ፤ ማታ ግን እንጀራው አይወርድልኝም።

አንድ ቅዳሜ ውባለም ሳትነግረን ከሚኒባስ ወርዳ ደጃፋችን ላይ ቆመች። ሰላምታም አላስቀደመች። «ካንሰር አይደለም!»

ጥሩዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ቁጣው ከርሟል፣ አንድ ቦታ ላይ ሥጋው መለወጥ ጀምሯል፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ይታያሉ አለችኝ ውባለም። «ጥቂት ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ...» ብላ አልጨረሰችውም። አለቀስኩ። ስለ እኔም፣ ስለ እህቴም፣ ቀላቅዬ አለቀስኩት።

እንባችንን ስንጠርግ ጥሩዬ ድንገት ቆጣ አለች። «ቆይ አንቺ፣ ያን ጠበል የት አደረስሽው? መሬት ደፋሁት እንዳትዪኝ!»

ውባለም አንገቷን ደፋች። «ኧረ ጠበል ይደፋል እንዴ እትዬ? ጠጣሁት።»

«ምነው፣ አንቺንም አመመሽ?»

«አይ። በምርመራው ዕለት ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ነው የጠጣሁት። በጋሼ ስም።»

ጉድ በል ጎንደር! «አንቺ ሳይንቲስት» አልኳት፣ «እኔን ከልክለሽ?»

«እኔ እኮ ያን ቀን አልመረመርም ነበር» አለችኝ።

የከርሞው ቀጠሮ ገና ነው። ጥሩዬ ግን ከአሁኑ ሁለት ሃይላንድ አጥባ አስቀምጣለች፤ አንዱ ለውባለም ከምርመራው በፊት፣ አንዱ ለእኔ ከምርመራው በኋላ።