እናቴ ያልወለደቻቸው ወንድሞች

አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ያልወለደችው ወንድም ገጥሞህ ያውቃል? እኔ ነቀምቴ ላይ ብዙ ገጥመውኛል። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ክርስቲያን ተማሪዎች፣ የፌሎሺፕ ልጆች፣ ሁሉንም ሰው «ወንድሜ» ነው የሚሉት፤ ጫማቸውን የሰረቀውን ልጅ ሳይቀር።

ታላቄ ዮናስ እዚያ ይማር ነበር። አረቄ ይዞት ኖሮ ሊተው ሲሞክር መንቀጥቀጥ ጀመረ ሲሉኝ ከሲሬ ሄድኩ። ዮናስን ልጠይቅ ነው ስል ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ።

«ምኑ ነህ?»

«ወንድሙ።»

«ያ ዋቃዮ! ደግሞ ሌላ ወንድም? እናታችሁ መቼ ነው ከመውለድ ያረፈችው?»

መታወቂያዬ ላይ የአባታችንን ስም አይቶ እየሳቀ አስገባኝ።

ዮናስ መኝታ ክፍል ስደርስ ከፌሎሺፑ አንዱ፣ ቶሌራ የሚባል የአርጆ ልጅ፣ ፍራሹን በሩ ሥር አንጥፎ ተጋድሟል። ዮናስ ሊወጣ ሲነሳ ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ለሽንት ነው ለአረቄ?»

«ለሽንት።»

«ጥሩ፣ እኔም መጥቶብኛል። አብረን እንሂድ።»

እስከ ሽንት ቤት የሚከተል ፍቅር የት አይተሃል? እውነቱን ለመናገር ቅናት ቢጤ ተሰማኝ። ዮናስን «ወንድሜ» ማለት የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዮናስ ከዚያ ወዲህ አልጠጣም። ጉበቱ ግን ቀድሞ ተጎድቶ ኖሮ ዘንድሮ አረፈብን። በመጠጡ ጊዜ እናታችን የአፉን ሽታ ስለማትችል ፊቷን እያዞረች ነበር የምትስመው። ለእነዚያ ልጆች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በመጨረሻው ቀን ፊቷን ከፊቱ ሳታነሳ ዋለች።