የሰርቨሩ አውጫጭኝ

ኮምፒዩተር የገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የተበላሸውን ዕቃ ትቶ ሰውን የሚመረምር አንድ ጠጋኝ አለው። ሌላው ባለሙያ ሲጠራ ካቻቢቴ ያወጣል፤ ይህኛው ወንበር ይስባል። ሌላው «ምን ሆነ?» ይላል፤ ይህኛው «ማን ነካው?» ይላል። ከመንዝ ደጋ እስከ መርሐቤቴ ቆላ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት አቶ መልከ ጼዴቅ ናቸው። እኛ በሌሉበት «አፈ ንጉሥ» እንላቸዋለን፤ ችሎት ሳይሰይሙ አንዲት ብሎን ፈትተው አያውቁምና።

አፈ ንጉሥ የዓለም ከተማ ሰው ናቸው። ከዚያ ቆላ ወደ እኛ ደጋ ሲወጡ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ የአገራችንን ብርድ እንደ ክስ ጭብጥ እየዘረዘሩ ይደርሳሉ። በአንድ እጃቸው የመሣሪያ ቦርሳ፣ በሌላው ደብተር ይይዛሉ። የሚከፈተው ደብተሩ ነው።

ሥርዓታቸው የታወቀ ነው። ድሮ ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰብና፣ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። አፈ ንጉሥም እንደዚያው ከኃላፊ እስከ ዘበኛ አውጫጭኝ ያስቀምጣሉ። «ብረት አይዋሽም» ይላሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ፤ «የሚዋሽ የነካው ነው።» ከዚህ በኋላ ሻይ የለም፣ ስልክ የለም፤ የጥርስ ሕመም እንኳ ፈቃድ አያሰጥም።

በአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨሩ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ደንበኛ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሥራ ያቆም ነበር። ሦስት ባለሙያዎች በየተራ መጥተው የውስጥ ዕቃውን ለዋወጡ፤ መሣሪያው ግን ከሰዓቱ ንቅንቅ አላለም። አፈ ንጉሥ ክዳኑን ሳይነኩ መምህራኑን ሰበሰቡ። በሁለተኛው ሰዓት ላይ የሒሳብ መምህሩ በዚያ ብርድ አልቦት ተነሣ። ለካስ ምሳ ዕቃውን እንዲሞቅለት ከሰርቨሩ ጀርባ፣ ትኩሱ አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያስደግፍ ኖሯል። መሣሪያው መተንፈሻ ሲያጣና ሲግል ራሱን ያጠፋል።

«ምንድን ነበር ምሳህ?» አሉት አፈ ንጉሥ።

«ሽሮ።»

ደብተራቸው ላይ «የብልሽቱ ምክንያት፦ ሽሮ» ብለው አሰፈሩ፤ ጉዳዩም ተዘጋ።

በሌላ ቦታ ደግሞ ሰርቨሩ አልነሣ ብሎ ጢጥ ጢጥ ይል ነበር። እስከ አሥር ሰዓት በተቀመጠው አውጫጭኝ ሠራተኛውን አጥብቀው ሲያፋጥጡ የዋሉት ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። በመጨረሻ እንደታወቀው፣ አንዱን ራም፣ የማስታወሻ ካርዱን፣ ለቤታቸው ኮምፒዩተር የተዋሱትም እሳቸው ነበሩ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከእነዚህ ችሎቶች በአራቱ ተቀምጬ ወገቤ ስለሚያውቃቸው፣ በአፈ ንጉሥ ላይ ያልቀለድኩት ቀልድ የለም። እስከ ባለፈው ሐምሌ ድረስ።

በዚያ ሐምሌ በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ቆመ። የመሬት ይዞታ መዝገቡ ያለው በእሱ ላይ ነው። ከአራቱ ዲስኮች በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ የብልሽት ምልክት የሆነው ቢጫ መብራት በርቷል። በዚያው ጠዋት እማማ አልጣሽ ከቀየት በላይ ካለው ቀበሌያቸው በእግራቸው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። የሟች ባላቸው ወንድም «የወንድሜ መሬት ነው» ብሎ ማሳቸውን አርሶታል፤ ክርክሩም በዕለቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይሰማል። መሬቱ ወደ እሳቸው ስም የዞረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበርና የይዞታ ደብተሩ ገና ፊርማ ይጠብቃል። ባለመብት መሆናቸውን የሚመሰክረው ያ የቆመ ሰርቨር ብቻ ነው።

እግዜር ሲያግዝ አፈ ንጉሥ ለሥራ እዚሁ ቅርብ ሞላሌ ነበሩ፤ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። መብራቶቹን አዩ፤ ወንበር ሳቡ።

«ኧረ አቶ መልከ ጼዴቅ፣ ዛሬስ ይክፈቱት!» አሉ ኃላፊያችን አቶ አፈወርቅ። «ሴትዮዋ ቀጠሮ አለባቸው።»

«ስለ እሳቸው ብዬ ነው የማልከፍተው» አሉና ወደ እማማ አልጣሽ ዞሩ። «እማማ፣ አራት አህዮች አንድ ጭነት ተካፍለው ይዘዋል እንበል። አንዷ ብትወድቅ ሦስቱ የእሷን ደርበው ይሄዳሉ። ሁለት ከወደቁ ግን ጭነቱ መሬት ነው። እዚህ አንዱ ዲስክ የወደቀው ቀደም ብሎ ነው፤ ሌላው ትናንት ነው። የትናንቱን መልሼ ለሥራ ካነሣሁ ስምዎ አለ። የቀድሞውን ካነሣሁ ግን አሮጌውን ወሬ ከአዲሱ ቀላቅሎ መዝገቡን ያበላሸዋል። በእሱ ዘንድ ባለቤትዎ ገና አልሞቱም።»

«ይሄ ምን ክፋት አለው?» አሉ እማማ አልጣሽ። «እሱ ቢኖር ወንድሙ መች ይደፍረኝ ነበር።»

«የትኛው እንደቀደመ መሣሪያው ራሱ አይናገርም?» አለች ጸሐፊዋ ትርሲት።

«ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ሰዓቱ ተዛብቶ ቀኑን ሁሉ ደባልቆታል። አሁን የሚያውቀው ሰው ነው።» ደብተራቸውን ገለጡ። «ማን ነካው? የትኛውስ ቀደመ?»

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስትም ሆነ። አቶ አፈወርቅ መብራት መቆራረጡን አማረሩ። ዘበኛው ማታ ማታ ማንም እንዳልገባ ማለ።

«መጽሐፍ አንባቢው እንኳ ዛሬ ምላሱን ዋጠ» አለች ትርሲት ወደ እኔ እያየች። «ሌላ ጊዜ አቶ መልከ ጼዴቅ ከመቀመጣቸው ነበር ተረብ የምትጀምረው።»

«አመመኝ» አልኩ።

እማማ አልጣሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልሂድ ልጆቼ። ዳኛው ስሜን ሲጠሩ ከሌለሁ ደግሞ ቀረች ይሉኛል። ባዶ እጄንም ቢሆን ልቁም።»

ያን ጊዜ ተነሣሁ።

«የቀደመው ሦስተኛው ነው» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሦስተኛው ዲስክ ላይ ቢጫው ከበራ ወር ሆኖታል። የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማመልከት ማለት አውጫጭኝ መቀመጥ ነውና ዝም አልኩ። በዋዜማው ደግሞ አንድ ያነበብኩትን ጽሑፍ ተማምኜ፣ ዲስኩን ነቅሎ መልሶ መትከል ይበቃዋል ብዬ ገባሁ። እጄ የሦስተኛውን ትቶ የጎረቤቱን፣ የሁለተኛውን መያዣ ሳበ፤ መልሼ ብተክለውም ቢጫ በራበት።

«አንተ ሰለሞን!» ብለው አቶ አፈወርቅ ብድግ ሲሉ አፈ ንጉሥ እጃቸውን ዘረጉ።

«በኔ ችሎት የተናገረ አይነካም። ሰለሞን፣ ሦስተኛው ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?»

«ወር ሙሉ ስሸሸው የኖርኩትን መብራት እንዴት እስታለሁ?»

ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። ሁለተኛውን ዲስክ አነሡ፤ መዝገቡ ተከፈተ፤ የእማማ አልጣሽም ገጽ በወረቀት ታተመ። አቶ አፈወርቅ እኔን እያዩ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መቱ፤ ጠረጴዛው ተናወጠ። እማማ አልጣሽ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን እዚያው ላይ እንዳደረጉ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ዳኛው ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አያይዘው፣ ውሳኔ እስኪሰጥ የባላቸው ወንድም ሞፈሩን ከማሳው እንዲያወጣ አዘዙ።

አቶ አፈወርቅ ግን እኔን ለመቅጣት የሚሆናቸውን የጥገና ሪፖርት ይጠብቁ ነበር። አፈ ንጉሥ ጽፈው ሲያስረክቡ በትከሻቸው አሻግሬ አነበብኩት፤ «የብልሽቱ ምክንያት፦ የዕድሜ ብዛት» ይላል።

ቦርሳቸውን ይዤ ስሸኛቸው «ዋሹ እኮ» አልኳቸው።

«ችሎቱ ተነሥቷል። ያ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው።» ጥቂት እንደሄድን ቆም አሉ። «ሦስተኛውን ዲስክ አምና በአዲስ የተካሁት እኔ ነኝ። ዝም ብትል ኖሮ አሮጌው፣ ሁለተኛው፣ ቀድሞ ሞቷል ብዬ ሦስተኛውን አነሣ ነበር።»

«ሳይጠራጠሩ?»

«በሙሉ ልብ።»

ሃያ ዓመት የሠራ እጅ አላቸው፤ ያን እጅ ግን ከዘበኛ ቃል አስበልጠው አያምኑትም። እኔ አንድ ገጽ አንብቤ ዲስክ ነቅያለሁ። ይህን እያሰብኩ ቦርሳቸውን አቀበልኳቸው፤ ቀልድም አልመጣልኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«አንደኛውንና አራተኛውንስ ነክተሃል?»

«አልነካሁም!»

«በል፣ ለዛሬ አምኜሃለሁ» አሉና መስኮቱን ዘጉት፤ ብርድ ነበር።