መብራት የምታጠራው ሣጥን

ሰው ጡረታ ሲወጣ ጆሮው ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ጆሮ ደግሞ ጥፋት ፍለጋ ይወጣል። የእኔ ጆሮ ያን ሁሉ ዓመት የተማሪ ጫጫታ ችሎ ኖሮ፣ ደብረ ማርቆስ ቤቴ አረፍ ብዬ ዘፈን ላዳምጥ ስል ከስፒከሬ የምትወጣ አንዲት ቀጭን ዝዝታ አልችል አለ። እናንተ ብትሆኑ ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ ትተዉት ነበር። እኔ ግን የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ።

መጀመሪያ ስፒከሩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ሽቦውን። ከአጥሬ ማዶ የብረት በር የሚበይደው እንየው ይህን ሰምቶ መጣና፣ «ጋሼ፣ ከእኔ ብየዳ ይሆናል፤ መስመራችን አንድ ነው። የሚያዳምጡበትን ሰዓት ይንገሩኝና ያን ጊዜ ላቁም» አለኝ። ዕድሜ ይስጥህ ብዬ ሸኘሁት እንጂ አላመንኩትም። ያመንኩት አዲስ አበባ ያለውን ወዳጄን ነው። እሱ በስልክ እንዳስረዳኝ ችግሩ መብራቱ ራሱ አለመጥራቱ ነው፤ መፍትሔውም ሶኬት ላይ ተሰክታ መብራቱን የምታጠራ ዕቃ ናት። ባለቤቴ ጥሩዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ሳይጠፋ ይዋል፣ ጥራቱ ይደርሳል አለች። እውነቷን ነው፤ ግን ዕቃዋ በአውቶቡስ አባይን እየተሻገረች ነበር።

የሳሙና መጠን ያላት ጥቁር ሣጥን ናት፤ ግንባሯ ላይ አረንጓዴ መብራት አላት። ሰኞ ጠዋት ሰካኋት፣ መስኮቱን ዘጋሁና ዘፈኑን ከፈትኩ። ዝዝታው የለም። ማክሰኞም የለም። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ሳይቀር ይሰማኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ። ለማኅበርተኛውም ለባለሱቁም ስለ መብራት ጥራት ስሰብክ ሰነበትኩ፤ ሁለቱ እንዳስመጣላቸው ለመኑኝ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ጥሩዬ፣ እንየውን መቼ ልትጠይቀው ነው አለችኝ። ምን ሆነና ብላት አፍጥጣ አየችኝ። ለካ እሑድ የቤቱን ጣራ ሲጠግን ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ ጀሶ ታስሮለት ተኝቷል። ሰፈሩ ሁሉ ጠይቆታል።

«ሰኞ ነግሬህ የለም?» አለችኝ። «ራስህን እየነቀነቅህ ሰማኸኝ።»

የነቀነቅሁት ለክራሩ ነበር።

አፈርኩ። ጎረቤቱ ተሰብሮ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ የእሱን መተኛት ሳምንቱን ሙሉ ጥራት እያልኩ ሳወድስ ከርሜያለሁ።

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። የይቅርታ ቃል ስፈልግ እሱ ቀደመኝ። ትራሱን ደገፍ እንዳለ፣ «መቼም ጋሼ፣ ለእርስዎስ የእኔ መተኛት ሳይበጅ አልቀረም። ዘፈኑን ደህና ሰሙት?» አለኝ። በነገር ወጋ አድርጎኝ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ጥርት ብሎ ሰማሁት አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

እነዚያ ሁለት ሰዎች ዕቃውን አስመጥተዋል። አጠገባቸው በያጅ ስለሌለ እጅግ ረክተዋል። የእኔም ሣጥን እንደተሰካች ናት፣ አረንጓዴዋም ትበራለች። ወራት አልፈው አንድ ጠዋት፣ በዘፈኑ መካከል ያቺ ቀጭን ዝዝታ መጣች። ድምፁን ጨመርኩት።

ጥሩዬ ከጓዳ ብቅ ብላ ዕቃው ተበላሸ እንዴ አለችኝ።

«የለም፣» አልኳት፤ «እንየው ተነሣ።»